ተሳቢው ባትሪ ሲገጠምለት ወደቡ ምን ያደርጋል?

ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭኖ የሚመጣ ተሳቢ አዳማ ሲገባ ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ወጥቷል። በጋላፊ፣ በሚሌ፣ በአዋሽ፣ በመተሐራ አድርጎ ወደ 800 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በናፍጣ ገፍቷል። ሲመለስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ወይም ባዶ ኮንቴይነር ይዞ ነው የሚወርደው፤ አገሪቱ ከምትልከው የምታስገባው ስለሚበዛ። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

የጭነት ትራንስፖርት ከናፍጣ ወደ ኤሌክትሪክ እየዞረ ነው ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መኪናውን ነው። ባትሪው ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል? የት ቻርጅ ይደረጋል? ዋጋውስ? ወደቡ ትዝ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። መርከቡም፣ ክሬኑም፣ ከባድ መኪናውም፣ ባቡሩም የሚገናኙት ግን ወደብ ላይ ነው። ሁሉም ወደ ኤሌክትሪክ ሲዞሩ ሶኬት ፍለጋ የሚመጡትም እዚያው ነው። እስከ ዛሬ አንድ ወደብ ጎበዝ ነው የሚባለው ውሃው ጥልቅ፣ ክሬኑ ብዙ፣ ግቢው ሰፊ ሲሆን ነበር። አሁን በአንድ ጊዜ ስንት ሜጋዋት (አንዱ ሜጋዋት ሺህ ኪሎዋት ነው) መስጠት ይችላል የሚል ጥያቄ ተጨምሯል። እንደ እኔ እምነት የወደቦች ትልቁ ፈተና እዚህ ላይ ነው። ኤሌክትሪክ ማሽን ገንዘብ ያለው ሁሉ ይገዛል፤ ኃይሉን በሰዓቱና በቦታው ማድረስ ግን ዓመታት ይፈጃል።

ለአዳማ ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ናዝሬትን ያሳደጋት ባቡር ነው፤ ዛሬም የከተማዋ ጋራዥ፣ ጎሚስታ፣ ሆቴልና መጋዘን ከጅቡቲ መንገድ ጋር የተሳሰረ ነው። ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ያልፋል፤ የኮንቴይነሩ ዋና ማረፊያ የሆነው የሞጆ ደረቅ ወደብ ደግሞ ከዚህ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መርከቡ ቆሞም ነዳጅ ይበላል

መርከብ ወደብ ላይ ሲታሰር ዋናው ሞተሩ ይጠፋል፤ ረዳት ጄኔሬተሮቹ ግን አይጠፉም። መብራቱ፣ ፓምፑ፣ የሠራተኞቹ ወጥ ቤት፣ በተለይ ደግሞ ሥጋና ፍራፍሬ የያዙት ማቀዝቀዣ ያላቸው ኮንቴይነሮች ቀንም ሌሊትም ኃይል ይፈልጋሉ። ስለዚህ መርከቡ ጭነቱ እስኪራገፍ ድረስ፣ አንድ ቀንም ይሁን ሦስት ቀን፣ ከተማ አጠገብ ቆሞ ያጨሳል። የወደብ ከተማ ነዋሪዎች ሲያማርሩ የኖሩት ይህን ጭስ ነው።

መፍትሔው በወሬ ደረጃ ቀላል ነው። ከመሬት ገመድ ይሰጠውና ጄኔሬተሩ ይጥፋ። የስዊድኑ ዮተቦሪ ወደብ በ2000 ለጭነት መርከቦች በከፍተኛ ቮልቴጅ ይህን ጀመረ። በ2004 ሎስ አንጀለስ ለኮንቴይነር መርከብ አደረገው። ሥራው ላይ ሲገባ ግን ጣጣው ብዙ ነው።

የመጀመሪያው ጣጣ ፍሪኩዌንሲ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ማለት ነው፣ የሚለካውም በኸርዝ ነው። አብዛኞቹ ትልልቅ መርከቦች ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ በ60 ኸርዝ ነው የሚሠራው። የአውሮፓም ሆነ የእኛና የጅቡቲ መብራት 50 ኸርዝ ነው። ዝም ተብሎ ቢሰካ የመርከቡ ፓምፖችና ሞተሮች ከተሠሩበት ፍጥነት ውጭ ይሽከረከራሉ። ስለዚህ በመሃል ፍሪኩዌንሲውን የሚቀይር ትልቅ መሣሪያ መትከል ግድ ይላል፤ ብዙ ጊዜ ከጠቅላላው ወጪ ከባዱን ድርሻ የሚወስደውም እሱ ነው። አሜሪካኖቹ በዚህ ዕድለኞች ናቸው፤ መብራታቸው ከጥንቱም 60 ኸርዝ ነው።

ሁለተኛው አሰካኩ ነው። የኮንቴይነር መርከብ ገመዱን ራሱ ይዞ ይመጣል። እንደ ክንድ የወፈረው ገመድ ከመርከቡ ላይ ካለ ጥቅል እየተፈታ ወደ ታች ይወርድና መርከቡ የታሰረበት ዳርቻ ላይ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ሳጥን ጋር ይገናኛል። መስመሩ 6,600 ቮልት ነው። ሲሰካ ማንም ሰው ኃይል ያለውን ጫፍ እንዳይነካ አንዱ ቁልፍ ሳይዘጋ ሌላው እንዳይከፈት ተደርጎ የተሠራ ነው። ከዚያ የመርከቡ ጄኔሬተርና የመሬቱ መስመር እኩል እስኪሄዱ ይጠበቃል፤ ጭነቱ ቀስ እያለ ወደ መሬቱ ይዛወራል፤ በመጨረሻ ጄኔሬተሩ ይጠፋል። መርከቦችና ወደቦች በየፊናቸው የተለያየ ሶኬት እንዳይሠሩ ዓለም አቀፉ ደረጃ በ2012 ወጥቷል።

ሦስተኛው መጠኑ ነው። አንድ ትልቅ የኮንቴይነር መርከብ፣ በተለይ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነር የበዛበት ከሆነ፣ ቆሞ እስከ 7 ሜጋዋት ሊጠይቅ ይችላል። ይህን በአዳማ ለመመዘን ከከተማዋ ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የሚታዩትን የነፋስ ማማዎች ማየት ይበቃል። አዳማ አንድ የሚባለው በ2012 ሥራ የጀመረው ጣቢያ 34 ማማዎች አሉት፤ ነፋሱ ሙሉ በሙሉ ሲነፍስለት 51 ሜጋዋት ያመነጫል። ሰባት ትልልቅ መርከቦች በአንድ ላይ ቢሰኩ ያ ሁሉ ኮረብታ ለእነሱ ብቻ ነው የሚሽከረከረው። ሁሉም መርከብ ሁልጊዜ ይህን ያህል አይጠይቅም፤ ብዙው በአንድና በሁለት ሜጋዋት ያድራል። ወደቡ ግን መስመሩን የሚዘረጋው ለክፉ ቀን ነው።

እዚህ ላይ ማን ይቅደም የሚል ክርክር ለዓመታት ነበር። የመርከብ ባለቤቱ «ሶኬት ያለው ወደብ ሳይኖር ለምን ገመድ እገጥማለሁ?» ይላል፤ ወደቡ ደግሞ «ገመድ ያለው መርከብ ሳይመጣ ለምን ሚሊዮን ዶላር እቀብራለሁ?» ይላል። ነገሩን የቆረጠው ሕግ ነው። ካሊፎርኒያ በ2014 የአንድ ኩባንያ የኮንቴይነር መርከቦች ከሚያደርጉት ጉብኝት ግማሹ በመሬት ኃይል ይሁን ብላ አስገደደች፤ በ2020 ወደ 80 በመቶ ከፍ አደረገችው። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2030 ጀምሮ የኮንቴይነርና የመንገደኛ መርከቦች በዋና ዋና ወደቦቹ ሲቆሙ እንዲሰኩ ወስኗል። ይህ እኛንም ይነካል፤ አውሮፓ የምትመላለስ መርከብ ገመድ ከገጠመች ገመዷን ይዛ ነው ቀይ ባሕር የምትገባው። ያኔ የቀረው ሶኬት የኛ ጎረቤት ጉዳይ ይሆናል።

ግቢው ውስጥ ያለው ናፍጣ

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ ከመርከብ ላይ ኮንቴይነር የሚያነሱት እነዚያ ቀጭኔ የመሰሉ ግዙፍ ክሬኖች ቀድሞውንም በኤሌክትሪክ ነው የሚሠሩት። ከወደቡ ዳር በተዘረጋ ሐዲድ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላሉ፤ ገመዳቸው ከጎናቸው ካለ ጥቅል እየተፈታና እየተጠቀለለ ይከተላቸዋል። ደግሞም ኃይል ይመልሳሉ። 30 ቶን የሆነ ኮንቴይነር ወደ ታች ሲወርድ ክብደቱ ሞተሩን ወደ ኋላ ያሽከረክረዋል፤ ሞተሩ ጄኔሬተር ይሆናል፤ የሚወጣው ኃይል ያኔ ወደ ላይ እያነሳ ላለው ጎረቤት ክሬን ይደርሳል።

ናፍጣው ያለው ከዚያ ወዲህ ነው። ኮንቴይነሩን ከክሬኑ ሥር ተቀብሎ ወደ ግቢው የሚወስደው አጭር መኪና፣ ግቢው ውስጥ ኮንቴይነር በኮንቴይነር ላይ የሚደረድረው ባለ ጎማ ክሬን፣ በሞጆም የሚሠራው ረጅም ክንድ ያለው ሪች ስታከር፣ ፎርክሊፍቱ ሁሉም ናፍጣ ጠጪ ናቸው።

ከእነዚህ ውስጥ ለባትሪ የሚመቸው የግቢው መኪና ነው። ከግቢው አይወጣም፤ ፍጥነት አያስፈልገውም፤ ቀኑን ሙሉ ሲቆምና ሲነሳ ነው የሚውለው። የናፍጣ ሞተር ቆሞም ይበላል፣ ኤሌክትሪክ ሞተር ሲቆም ይቆማል። ሮተርዳም ባሕሩን ሞልታ በሠራችው አዲስ መሬት ላይ በ2015 በተመረቀው ተርሚናል ያለ ሹፌር የሚሄዱ ባለ ባትሪ ጋሪዎች ሥራ ጀመሩ፤ ባትሪያቸው ሲያልቅ ወደ አንድ ቤት ይገባሉ፣ ማሽን አሮጌውን አውጥቶ የተሞላውን ይከትላቸዋል፣ ይወጣሉ። በካሊፎርኒያ ሎንግ ቢችም ተመሳሳይ ግቢ አለ። እነዚህ ግን ከመሠረታቸው ለዚህ ተብለው የተገነቡ ናቸው። የቆየ ግቢን መቀየር ሌላ ነገር ነው።

ባለ ጎማውን ክሬን እንውሰድ። ጥሩ ጎኑ ሐዲድ የማይፈልግ መሆኑ ነው፤ አንዱ ረድፍ ሥራ ሲያጣ ጎማውን አዙሮ ወደ ሌላው ይሄዳል። ናፍጣውን አውጥተህ ገመድ ብትሰካለት ወጪው ይቀንሳል፣ ጭሱ ይጠፋል፤ ግን እንደታሰረ በሬ ገመዱ እስከደረሰበት ብቻ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ብዙዎቹ ወደቦች ረድፉ ላይ እያለ ከመስመር ኃይል የሚወስድ፣ ረድፍ ሲቀይር ለዚያች አጭር መንገድ በትንሽ ባትሪ ወይም በትንሽ ጄኔሬተር የሚሄድ አድርገው ያሻሽሉታል። ለእኔ ብልህ የሚመስለኝ መንገድ ይህ ነው፤ ለአሥር ደቂቃ ጉዞ ብሎ ትልቅ ባትሪ ማሸከም ትርፉ አይታየኝም።

ሁሉም እኩል ሲጥዱ

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንምጣ። አንድ ግቢ ውስጥ አራት ተከራይ አለ እንበል፤ ቆጣሪው አንድ ነው። እያንዳንዱ በሳምንት ሁለቴ እንጀራ ቢጋግር መብራቱ ይበቃል። ቅዳሜ ጠዋት ግን አራቱም እኩል ምጣድ ከጣዱ ባልቦላው ይወድቃል። የሚጋገረው እንጀራ አልበዛም፤ ሰዓቱ ነው የተጋጨው። የወደብ መሐንዲሶች የሚጨነቁበት ነገር ይኸው ነው።

መርከብ ይመጣል። ሰዓት ገንዘብ ስለሆነ አራት አምስት ክሬን በአንድ ላይ ይያዘዋል። ግቢው ውስጥ ያሉት ማሽኖች በሙሉ ይነሳሉ። ኮንቴይነሩን ሊወስዱ የተጠሩ ከባድ መኪኖች በር ላይ ይሰለፋሉ። መርከቡ ራሱ ተሰክቷል። ምሳ ሰዓት ላይ የግቢው ሹፌሮች ሁሉ መኪናቸውን ቻርጅ ላይ አድርገው ወደ ምግብ ይሄዳሉ። ያቺ አንዲት ሰዓት ከሌላው ቀን ሁሉ ትበልጣለች። በብዙ አገር ትልልቅ ደንበኞች የሚከፍሉት ደግሞ ለተጠቀሙት ኪሎዋት ሰዓት ብቻ አይደለም፤ በወሩ ውስጥ ለደረሱበት ትልቁ ጣሪያም ይከፍላሉ። አንዲት የተጨናነቀች ምሳ ሰዓት የወሩን ሒሳብ ታንረዋለች።

ስለዚህ ወደቦች የሚያደርጉት ተራ ማስያዝ ነው። የማሽኖቹን ባትሪና የመርከቡን መምጫ ሰዓት አንድ ላይ የሚያይ ፕሮግራም ይተክላሉ፤ ይህ መኪና ባትሪው ግማሽ ስለሆነ ይጠብቅ፣ ያኛው አሁን ይሰካ ይላል። ትልቅ የባትሪ ክምችት ግቢው ዳር ያስቀምጡና ሌሊት ሞልተው ምሳ ሰዓት ያወጡታል። አንዳንዱም ነገር በኮምፒውተር ሳይሆን በፈረቃ ይፈታል፤ ሹፌሮቹ ሁሉ እኩል ምሳ እንዳይወጡ ማድረግ ብቻውን ብዙ ያቀላል። ይህ ግን ከሠራተኛ ማኅበር ጋር መነጋገር ይጠይቃል፤ ማን በስንት ሰዓት ይበላል የሚለው የሜጋዋት ጉዳይ ይሆናል ብሎ ማን ያስብ ነበር?

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ መስመሩ መምጣት አለበት። ከዋናው ግሪድ እስከ ወደቡ አዲስ መስመር፣ ማከፋፈያ ጣቢያ፣ ትራንስፎርመር። ትራንስፎርመር ታዞ እስኪደርስ ዓመት ማለፉ የተለመደ ነው። ጣቢያው የሚያርፍበት መሬት ያው ኮንቴይነር የሚደረደርበት ውድ መሬት ነው። ገመዱ የሚቀበረው ሥራ በማይቆም ግቢ ውስጥ ነው፤ አስፋልቱ ሲቆፈር ኮንቴይነሩ በሌላ በኩል እየዞረ ያልፋል።

ዳገቱ፣ ተሳቢውና ባቡሩ

መጀመሪያ ያዙልኝ ወዳልኩት እንመለስ። መኪናው ሲወጣ ሙሉ ነው፣ ሲወርድ ባዶ።

ጠቅላላ ክብደቱ 40 ቶን የሆነን መኪና 1,600 ሜትር ከፍ ለማድረግ ብቻ፣ መንገዱንና ነፋሱን ሳንቆጥር፣ 175 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። ይህ ፊዚክስ ነው፤ የትኛውም ባትሪ አያመልጠውም። በዚያ ላይ አንድ ሙሉ የጫነ ኤሌክትሪክ ከባድ መኪና በደልዳላ መንገድ በኪሎ ሜትር ከ1.2 እስከ 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል። ሁለቱን ስትደምሩ ከጅቡቲ አዳማ 1,200 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ነው። ዛሬ የረጅም መንገድ ኤሌክትሪክ መኪኖች የሚይዙት ባትሪ ከ500 እስከ 600 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። እንግዲህ ሞልቶ ቢነሳም መንገድ ላይ ቢያንስ አንዴ፣ በአፋር ሙቀትና በጥንቃቄ ካሰብነው ሁለቴ መሙላት አለበት። ቁልቁለት ላይ ባትሪው መልሶ ይሞላል የሚባለው እውነት ነው፤ ግን የሚወርደው 15 ቶን ባዶ መኪና ስለሆነ ዳገቱ ከበላው በተሻለው ሁኔታ ሲሶውን ቢመልስ ነው። ከተራራ ማዕድን ጭኖ ወደ ወደብ የሚወርድ መኪና ቢሆን ሒሳቡ ይገለበጥ ነበር።

ታዲያ ወደቡ ከዚህ ምን ያገኘዋል? መኪናው ሞልቶ መነሳት ያለበት ከእሱ በር ላይ ነው። በ350 ኪሎዋት ቻርጀር ባዶ ባትሪ ለመሙላት ወደ ሁለት ሰዓት ይጠጋል። ሃያ መኪና በአንድ ላይ ቢሰኩ 7 ሜጋዋት ነው፤ ማለትም አንድ ትልቅ መርከብ። በ1 ሜጋዋትና ከዚያ በላይ የሚሞሉ የከባድ መኪና ቻርጀሮችም ገበያ ላይ እየገቡ ነው፤ እነዚህ ሰዓቱን ወደ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ያወርዱታል፣ የመስመሩን ጭንቀት ግን ያባብሱታል።

እዚህ ላይ ለወደቦቻችን አንድ ክፉ ነገር ወደ ደግ ይለወጣል። ሹፌሮች ሰነድ እስኪያልቅ፣ ኮንቴይነሩ እስኪወጣ፣ ወረፋው እስኪደርስ ሲጠብቁ ይውላሉ፤ አንዳንዴም ያድራሉ። ያ የባከነ ጊዜ ቻርጅ ማድረጊያ ቢሆንለት ፈጣኑና ውዱ ቻርጀር አያስፈልግም፤ በዝግታ ሌሊቱን ሙሉ የሚሞላ ይበቃል። ለመስመሩም ይቀለዋል። ስለዚህ የመኪና ማቆሚያው ከወደቡ በር ውጭ፣ መጸዳጃና ጥላ ያለው፣ ሶኬት የተደረደረበት ቢሆን የኃይሉም የሹፌሩም ችግር ባንድ ላይ ይቃለላል።

ባቡሩ ደግሞ አለ። ከሰበታ እስከ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው፣ ከ2018 መጀመሪያ አንስቶ መደበኛ ሥራ ላይ ያለው መስመር ከተዘረጋበት ጊዜ ጀምሮ ኤሌክትሪክ ነው፤ በአዳማም በሞጆም ያልፋል። 25,000 ቮልት ከራሱ በላይ ካለው ሽቦ እየወሰደ ይሄዳል፤ ባትሪ መሸከም የለበትም። ለረጅሙና ዳገት ለበዛበት መንገድ ከዚህ የተሻለ ኤሌክትሪክ መኪና የለም ብዬ አምናለሁ። የሚያስቸግረው መብራት ሲቋረጥ መቆሙ ነው፤ ሌላው ደግሞ የመጨረሻዋ ጥቂት መቶ ሜትር።

የመጨረሻዋ ጥቂት መቶ ሜትር ማለቴ ምንድን ነው? ኮንቴይነር ከባቡር ላይ የሚነሳው ከላይ ነው። ክሬኑ ወይም ሪች ስታከሩ ከበላዩ መጥቶ ይይዘዋል። እዚያ ላይ 25,000 ቮልት የተሸከመ ሽቦ ካለ ማንሳት አይቻልም። ስለዚህ በዓለም ላይ በየወደቡ ሽቦው ከመጫኛው ሐዲድ በፊት ይቆማል፤ ባቡሩን ለዚያች ርቀት የሚገፋው የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ነው። መላ የዘየዱ አሉ። አንዱ ሎኮሞቲቩ ላይ ለመጨረሻው ኪሎ ሜትር ብቻ የሚሆን ባትሪ መግጠም ነው። ሌላው ሽቦውን በጠንካራ ብረት ተክቶ፣ ባቡሩ ከገባ በኋላ ወደ ጎን እንዲታጠፍ ማድረግ ነው። በአውሮፓ አንዳንድ ተርሚናሎች የሚሠራበት ሦስተኛው ዘዴ ያስቀኛል፦ ባቡሩ ሽቦው ሳያልቅ ፍጥነት ይይዛል፤ ኃይል በሌለበት ሐዲድ ላይ በግፊቱ ብቻ ያልፋል፤ ሎኮሞቲቩ በወዲያኛው ጫፍ እንደገና ሽቦ ሥር ገብቶ ይቆማል።

ቦቴው ሲቀንስ፣ ባትሪው ሲመጣ

ወደብ የሚለወጠው ማሽኑ ብቻ አይደለም፤ ጭነቱም ይለወጣል። በዓለም ባሕር ላይ ከሚጓዘው ጭነት በክብደት ከሲሶ በላይ የሚሆነው ነዳጅ፣ ጋዝና ድንጋይ ከሰል ነው። ኢትዮጵያም ነዳጇን ከውጭ ነው የምታመጣው፤ ከጅቡቲ የሚወጡት ቦቴዎች የዚሁ መንገድ ትልቅ ክፍል ናቸው። መኪናው ኤሌክትሪክ እየሆነ ሲሄድ ቦቴው ይቀንሳል፤ ነዳጅ ለማራገፍ የተሠራው የወደብ ክፍልም ገቢው ይሳሳል። ይህን ከወዲሁ የሚያሰላ ወደብ ያንን መሬት ለምን እንደሚያውለው ያስባል።

በቦቴው ፋንታ የሚመጣው ባትሪ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ካለች ወዲህ ኤሌክትሪክ መኪኖች በጅቡቲ በኩል ይጎርፋሉ። የሊቲየም ባትሪ እሳት የወደብ እሳት አደጋ ሠራተኞች ከለመዱት የተለየ ነው። ባትሪው ከተሠራባቸው ትንንሽ ሴሎች አንዷ ስትግል ጎረቤቷን ታግላለች፣ እሷም ቀጣዩዋን፤ እሳቱ ጠፋ ሲባል ከሰዓታት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ዋናው ዘዴ ብዙ ውሃ ለረጅም ጊዜ ማፍሰስ ነው። በሰኔ 2025 «ሞርኒንግ ሚዳስ» የተባለች መርከብ 3,000 ያህል መኪና ጭና ፓስፊክ ላይ ተቃጥላ ሰጠመች፤ ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ የነበሩት 70 ያህሉ ብቻ ቢሆኑም ጭሱ መጀመሪያ የታየው እነሱ ካሉበት ደርብ ነበር። ነዳጅ መኪናም እንደሚቃጠል አይዘንጋ፤ ልዩነቱ የማጥፋቱ ችግር ነው። ወደብ ስለዚህ የተጎዳ ወይም የተጋጨ ኤሌክትሪክ መኪና የሚለይበት፣ ከሌሎቹ ራቅ ያለ ቦታ ማዘጋጀት አለበት። ሌላም ትንሽ ጣጣ አለ፤ ለጥንቃቄ ሲባል መኪኖቹ ባትሪያቸው ጎደል ብሎ ነው የሚጫኑት። ወደቡ ላይ ከርመው ባትሪው ባዶ ቢሆን ማን ይነዳቸዋል? የመኪና ማራገፊያ ወደቦችም ቻርጀር መትከል ጀምረዋል።

በራሳቸው በባትሪ ስለሚሄዱ መርከቦች ብዙ ይወራል። የኖርዌዩ «ያራ ቢርክላንድ» 120 ኮንቴይነር ይጭናል፤ ባትሪው 7 ሜጋዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ከማዳበሪያ ፋብሪካ እስከ አቅራቢያው ወደብ ይመላለሳል። ቻይና በያንግትዜ ወንዝ ላይ 700 ኮንቴይነር የሚጭኑ አላት፤ ባትሪያቸው ራሱ ኮንቴይነር ውስጥ ስለሆነ ክሬኑ ያለቀውን አውርዶ የተሞላውን ይጭናል። ከሻንጋይ ቀይ ባሕር የሚመጣ ግዙፍ መርከብ ግን በባትሪ አይመጣም፤ የሚሸከመው ባትሪ የጭነቱን ቦታ ይበላዋል። ለእኛ ወደብ ይህ የቅርብ ራስ ምታት አይደለም።

ኃይሉ ከየት፣ ወጪው በማን?

ጅቡቲ ከ2011 ጀምሮ በድሬዳዋ በኩል በተዘረጋ መስመር ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ትገዛለች። በ2023 ደግሞ በጉቤት 60 ሜጋዋት ገደማ የሚያመነጭ የራሷን የነፋስ ጣቢያ አስመርቃለች። በጅቡቲው የዶራሌ ወደብ መርከብ ቢሰካ፣ የግቢው መኪና በባትሪ ቢሄድ፣ ከሚጠጡት ኃይል ጥሩ ድርሻው ከእኛ ግድቦች የሚወርድ ይሆናል ማለት ነው። ዛሬ በዶላር ነዳጅ ገዝተን በመኪና ሽቅብ እንጎትታለን፤ ያኔ በተቃራኒው ኤሌክትሪክ ቁልቁል ሸጠን ዶላር እንቀበላለን። መስመሩ ሲቋረጥ ግን ወደቡም አብሮ ይቆማል። መጠባበቂያ ጄኔሬተር የማይገዛ ወደብ የለም፤ አንዳንዱ ናፍጣ አይጠፋም፣ ጥግ ይዞ ይቀመጣል።

ሞጆና አዳማ ላይ ከየት ይጀመር ብባል ረጅሙን መንገድ ለባቡሩ እተወዋለሁ። መጀመሪያ የማነካው ደረቅ ወደቡ ውስጥ ያሉትን ማሽኖች ነው፤ ቀኑን ሙሉ እዚያው ስለሆኑ ሶኬታቸው አንድ ቦታ ይበቃዋል። ቀጥሎ ከሞጆ ወደ አዳማ፣ ወደ ቢሾፍቱና አዲስ አበባ የሚመላለሱትን መኪኖች። ደርሶ መልሱ ከ200 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ በኪሎ ሜትር 1.3 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ 260 ነው፤ የአዲስ አበባ ዳገት ቢጨመርበትም ዛሬ ገበያ ላይ ያለ ባትሪ ተርፎት ይመለሳል። ሌሊት ሞጆ ቆሞ ይሞላል፣ ጠዋት ይወጣል።

የመስመሩን፣ የማከፋፈያ ጣቢያውንና የቻርጀሩን ዋጋ ማን ይክፈል የሚለው ገና ያላለቀ ክርክር ነው። የሎስ አንጀለስና የሎንግ ቢች ወደቦች ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ በናፍጣ መኪና ለሚወጣና ለሚገባ ሙሉ ኮንቴይነር በእያንዳንዱ ባለ 20 ጫማ 10 ዶላር ያስከፍላሉ፤ ገንዘቡ ኤሌክትሪክ መኪና ለሚገዙ ባለንብረቶች ድጎማ ይሆናል፤ ጭስ በሌለው መኪና የሚጭን አይከፍልም። ዘዴው ንጹሕ ነው፤ ግን እዚያ አስመጪው ሌላ ወደብ መምረጥ ይችላል። የአዳማ አስመጪ ምርጫው ጠባብ ነው። ጅቡቲ ነገ ለሶኬቷ ክፍያ ብትጨምር ትራንዚተሩ ደረሰኙ ላይ አንድ መስመር ይጽፋል፤ አስመጪው ለጅምላ ነጋዴው ያስተላልፋል፤ እሱም ለቸርቻሪው። ስለዚህ ኃይሉን የምንሸጥላት እኛ ከሆንን፣ የታሪፉ ድርድር ላይ ሁለቱን ሒሳብ አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ይገባናል፦ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት የምንቀበለውንና ለአንድ ኮንቴይነር የምንከፍለውን።